አፈሙዙ ሲወርድ ሰማዩን ማን ይጠብቃል?

የእህቴ ልጅ 17 ዓመቱ ነው። የታንክ ጌም ሱስ ይዞታል። የየትኛው ታንክ ብረት ስንት ሚሊሜትር እንደሚወፍር ጠይቁት፤ ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁትም ቢሆን ይመልሳል። ባለፈው እሁድ እናቱ ቡና እያፈላች ሳለ አጠገቤ መጥቶ ቁጭ አለና «ጋሼ፣ ይቺን እያት» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ።

ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። በረሃ። ረጅም አፈሙዝ ያለው የጀርመን አየር መቃወሚያ መድፍ፣ ያ ዝነኛው 88፣ ከሰማይ ወደ አድማስ ዝቅ ይላል። ይተኩሳል። ሩቅ ላይ አንድ ታንክ ይጨሳል። ከኋላ ደረት የሚመታ ሙዚቃ አለ። ከዚያ ተራኪው እንግሊዞችም ከዚህ የማያንስ መድፍ እንደነበራቸው፣ ግን ሰማይ ሰማይ እያዩ ታንኮቻቸውን እንዳስፈጁ ይነግረናል። ከሥር ያለው ኮሜንት ሳቅ በሳቅ ነው። የእህቴ ልጅም ሳቀ።

«ደነዞች ናቸው አይደል?» አለኝ።

ያኔ የረባ መልስ አልሰጠሁትም። ቡናው ደረሰ፣ ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። ነገሩ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ምክንያቱም ያ ሳቅ የእሱ ብቻ አይደለም። ስለ ጦርነት በኢንተርኔት የምናየው፣ የምናጋራው፣ ላይክ የምናደርገው ነገር ሁሉ ውስጥ አለ። መሣሪያውን እናደንቃለን፣ መሣሪያውን ያልተጠቀመበትን እንስቅበታለን፣ በቃ። እኔ ደግሞ የምለው ይህ ነው፦ አየር መቃወሚያ መድፍ ወደ መሬት በወረደ ቁጥር ሁለት ጥያቄ አብሮ ይመጣል። ከላይ ማን ተጋለጠ? ከፊትስ ማን ቆሟል? ሁለቱን ሳይጠይቅ የሚያደንቅም የሚስቅም ሰው ስለ ጦርነት ገና ምንም አላወቀም።

*

መጀመሪያ ለመድፉ የሚገባውን ልስጠው። 88 ጥሩ መሣሪያ አልነበረም ብዬ አልከራከርም፤ ነበር።

ነገሩ ፊዚክስ ነው። ብዙ ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ የሚበር አውሮፕላን ጋ ለመድረስ ጥይቱ በጣም መፍጠን አለበት። የ88 ጥይት 9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከአፈሙዙ ሲወጣ በሴኮንድ ከ800 ሜትር በላይ ይሄዳል። ይህንኑ ፍጥነት ወደ መሬት ስታዞሩት ጥይቱ ብዙም ሳይጎብጥ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ርቀቱን በትክክል ባትገምቱም የመሳት ዕድላችሁ ያንሳል። ብረት የሚበሳ ጥይት ከጎረሰ ደግሞ በዚያን ዘመን የነበረ ታንክ ከሩቅ አይመልሰውም።

ጀርመኖች ይህን የተማሩት ስፔን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1939 በእርስ በርስ ጦርነቱ የፍራንኮን ወገን ሊረዳ የሄደው የኮንዶር ሌጌዎን መድፉን ምሽግና ተሽከርካሪ ላይም ሞከረው። ልምዱን ወደ አገራቸው ይዘው ተመለሱ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ግንቦት 21 ቀን 1940 ፈረንሳይ ውስጥ አራስ አጠገብ 74 የእንግሊዝ ታንኮች ድንገት የሮሜልን ክፍለ ጦር ሲያጠቁ፣ ባለ 37 ሚሊሜትሩ ፀረ ታንክ መድፍ የማቲልዳን ብረት መብሳት ሲያቅተው፣ 88ቱ ከመደበኛዎቹ መድፎች ጋር ሆኖ አፈሙዙን ዝቅ አድርጎ አዳናቸው።

ቀጥሎ ሐልፋያ መጣ። እዚህ ላይ ለእኛ ቅርብ የሆነ ነገር አለ። በ1941 መጀመሪያ ከረን ላይ ጣሊያንን ከተራራ ተራራ እየገፋ የሰበረው አንዱ ኃይል 4ኛው የህንድ ክፍለ ጦር ነበር። ከረን ላይ የማቲልዳ ታንኮችም ነበሩ፤ ጣሊያን ለማቲልዳ መድኃኒት አልነበረውም። ይኸው ክፍለ ጦር ወደ ግብፅ ተመልሶ፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሰኔ 15 ላይ ከማቲልዳዎች ጋር ወደ ሐልፋያ መተላለፊያ ወጣ። መተላለፊያውን የያዘው ባኽ የሚባል ሻምበል ነው፤ ከጦርነቱ በፊት ፓስተር ነበር። 88ቶቹን ጉድጓድ አስቆፍሮ ቀብሯቸዋል፤ ከመሬት በላይ ከአፈሙዝ ሌላ ብዙም አይታይም። ማቲልዳዎቹ አንድ በአንድ ተቀጣጠሉ። እንግሊዞች ቦታውን «የገሃነም እሳት መተላለፊያ» አሉት። በሦስት ቀን ውጊያ 90 ገደማ ታንክ አጡ። ጄኔራል ዌቨል ብዙም ሳይቆይ ከሥልጣኑ ተነሳ።

ቪዲዮው እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ማቆሙ ነው።

*

አሁን ወደ «ደነዞቹ» እንምጣ።

እንግሊዞች ባለ 3.7 ኢንች የሚሉት አየር መቃወሚያ ነበራቸው። በእኛ ልኬት 94 ሚሊሜትር ነው። ጥይቱ ከ12 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ፍጥነቱም ከ88 ብዙ አይርቅም። በወረቀት ላይ ሲታይ ከ88 ይበልጣል እንጂ አያንስም። ታዲያ ለምን ታንክ ላይ አላዞሩትም?

የቴክኒክ መልስ አለ። መድፉ ሲጎተት 9 ቶን ያህል ይከብዳል። ዒላማ የሚይዝበት ዘዴ ለሰማይ የተሠራ ነው፤ ምድብተኞቹ በመነጽር ዒላማ አያዩም፤ የአውሮፕላኑን መንገድ ከሚያሰላው መሣሪያ የሚመጣውን መርፌ ይከተላሉ። ይህ ሁሉ ግን በጊዜው ሊስተካከል ይችል ነበር። ጀርመኖች አስተካክለዋል። ስለዚህ በቴክኒክ ጀርባ አልደበቅም።

ዋናው መልስ ሌላ ነው። ወደ ቀን መቁጠሪያው እንሂድ። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1940 እስከ ግንቦት 1941 ጀርመን ለንደንን፣ ኮቨንትሪን፣ ሊቨርፑልን፣ ሌሎችንም ከተሞች ሌሊት ሌሊት ትደበድብ ነበር። ከ40,000 በላይ ሲቪል ሰው ሞቷል። ሐልፋያ ላይ ታንኮቹ የተቃጠሉት ይህ ድብደባ ጋብ ካለ ከአንድ ወር በኋላ ነው። ተመልሶ ይምጣ አይምጣ ማንም አያውቅም ነበር። እዚያው ግብፅ ውስጥ እንኳ እስክንድርያ በአውሮፕላን እየተመታች ነበር፤ የመርከብ ጦሩ ያለው እዚያ ነው። ማልታ ደሴት ቀንና ሌሊት ትደበደባለች። የስዊዝ ቦይ አለ። እያንዳንዱ 3.7 ኢንች መድፍ ከአንድ ከተማ፣ ከአንድ ወደብ፣ ከአንድ መጠለያ ራስ ላይ ነው የሚነሳው።

አንድ አፈሙዝ ሁለት ቦታ አያይም። በረሃ የላካችሁት መድፍ ለንደን ላይ የለም። ይህንን የሚያህል ቀላል ሒሳብ ነው ቪዲዮው የዘለለው። ተራኪው «ሰማይ ሰማይ ሲያዩ» ብሎ ሲያሾፍ፣ ሰማይ ላይ ምን እንደነበረ አልተናገረም።

እዚህ ላይ ሐቀኛ ተከራካሪ ሁለት ነገር ሊለኝ ይችላል። አንደኛው፦ «ኧረ ሺህ መድፍ አልጠየቅንህም። ሃያ፣ ሠላሳ ቢላክስ ለንደን ትፈርሳለች?» እውነቱን ነው። አትፈርስም። የእንግሊዝ ጦር በ1941 የነበረው ባለ 40 ሚሊሜትር ፀረ ታንክ መድፍ ደካማ እንደነበር፣ አዛዦቹም ቀድመው ማሰብ እንደነበረባቸው እቀበላለሁ። የታንክ ልጆች በዚያ ስንፍና ሞተዋል። ግን መፍትሔው የተሻለ ፀረ ታንክ መድፍ መሥራት ነበር፤ በኋላ ሠሩት። ከሰው ጣሪያ ቆርቆሮ ነቅሎ የራስን ማልበስ ብልህነት አይባልም።

ሁለተኛው የባሰ ከባድ ነው፦ «አየር መቃወሚያው ሰማይ ላይስ ምን ይጠቅም ነበር? ጥይት ማባከን አይደል?» ይህንንም በቁጥር እደግፈዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1944 ጀርመን ውስጥ 88 መድፍ አንድ አውሮፕላን ለመጣል በአማካይ 16,000 ገደማ ጥይት ይፈጅ ነበር። አዎ፣ ያው ታንክ በአንድ ጥይት የሚያነደው 88። ነገር ግን አየር መቃወሚያ ሥራው መጣል ብቻ አይደለም። አብራሪው ከፍ ብሎ እንዲበር ያስገድደዋል፣ ቀጥ ብሎ እንዳያነጣጥር እጁን ያንቀጠቅጠዋል። ከምድር በታች ልጇን አቅፋ ለተቀመጠች ሴት ደግሞ የራሷ ወገን መድፍ ድምፅ አንድ ነገር ይነግራታል። በመስከረም 1940 ለንደን ላይ መድፎቹ ብዙም ሳይመቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲያገሱ ያደሩበት ጊዜ ነበር፤ ሕዝቡ በማግሥቱ ፊቱ ፈክቶ ታየ። ሰው የሚጠብቀው እንዳለው ማወቁ ቀላል ነገር አይደለም።

*

ከላይ ማን ተጋለጠ የሚለውን ጥያቄ በአንድ ቀን ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 23 ቀን 1942፣ ስታሊንግራድ።

የጀርመን 16ኛ ታንከኛ ክፍለ ጦር በከተማዋ ሰሜን በኩል ሰብሮ ወደ ቮልጋ ወንዝ ይገሰግሳል። መንገዱ ላይ የቆመ እግረኛ ጦር የለም ማለት ይቻላል። ያለው 1077ኛው የአየር መቃወሚያ ሬጅመንት ነው፤ ከምድብተኞቹ ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ገና የጨረሱ ሴት ልጆች ናቸው። ታንክ ሊወጉ አልሠለጠኑም። አፈሙዙን ዝቅ አደረጉ። መድፎቹ አንድ በአንድ እስኪጠፉ ተኮሱ። ጀርመኖቹ ማን ሲዋጋቸው እንደዋለ ያወቁት አጠገባቸው ሲደርሱ ነው።

ይህ ጀግንነት ነው፤ ማንም አይወስድባቸውም። ግን በዚያው ቀን፣ በዚያው ከሰዓት፣ በመቶ የሚቆጠሩ የጀርመን አውሮፕላኖች ስታሊንግራድን ከላይ ያነዷት ነበር። የእንጨት ቤቶቹ፣ የነዳጅ ማከማቻው፣ ሆስፒታሉ፣ ሁሉም ነደደ። ልጆቹ እንዲጠብቁት የተመደቡት ሰማይ ማለት ያ ነው። እነሱ ምርጫ አልነበራቸውም፤ ታንኩ ፊታቸው ደርሷል። እኔ የምጠይቀው እነሱን አይደለም። አንድ አገር የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ በአንድ መድፍ ሰማዩንም መሬቱንም እንድትይዝ እስክትገደድ ድረስ ነገሩን ያደረሱት እነማን ናቸው? ሞስኮ ላይ ማስጠንቀቂያ አልሰማም ያለው፣ በርሊን ላይ ጦርነቱን የጀመረው። ቪዲዮ ቢሠራ ሙዚቃው የሚገባው ለልጆቹ ነው፤ ሳቁ ግን ለማንም አይገባም።

ጀርመንስ? መጨረሻ ላይ ሒሳቡ እሷም ዘንድ መጣ። ከተሞቿ መደብደብ ሲጀምሩ 88ቶቹን ወደ አገር ቤት ሰበሰበች፤ ጦር ግንባር ላይ ያለው ወታደር ፀረ ታንክ መድፍ አጣ። የሚተኩስ ሰው ስላነሰም ከየካቲት 1943 ጀምሮ በ1926 እና በ1927 የተወለዱ ተማሪዎችን ከየክፍላቸው አውጥታ ከመድፉ አጠገብ አቆመች። እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ወደ 200,000 የሚጠጉ እንዲህ ሆኑ። አስተማሪዎች መድፉ ያለበት ቦታ ድረስ እየሄዱ ያስተምሯቸው ነበር፤ ቀን ላቲን፣ ሌሊት ጥይት። የእህቴ ልጅ ዕድሜ ነው ይሄ። በ1945 ደግሞ ሶቪየቶች ሲቃረቡ መድፎቹን ከከተሞች ነቅላ ወደ ኦደር ወንዝ ላከች፤ ከተሞቹ ባዶ ሰማይ ቀራቸው። በርሊን መሃል ያለው የእንስሳት ማቆያው ግንብ ጣሪያው ላይ ባለ 128 ሚሊሜትር አየር መቃወሚያ ተሸክሞ ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት ወደ መሬት ተኮሰ። ከመድፉ ሥር፣ እዚያው ግንብ ውስጥ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሲቪሎች ተጠልለዋል። መጠለያውና ዒላማው አንድ ሕንፃ ሆኑ።

*

ሁለተኛው ጥያቄ ቀረ፤ ከፊት ማን ቆሟል?

ሐልፋያ ላይ መልሱ ታንክ ነው። ሁልጊዜ ግን ታንክ አይደለም።

እኛ ከሰማይ በታች ባዶ እጅ መቆም ምን እንደሆነ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ፣ ሆስፒታል ሳይቀር ሲመቱ፣ አገሪቱ የነበራት አየር መቃወሚያ በጣት የሚቆጠር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከአየር መቃወሚያ ጀርባ ሆነው የተነሱትን ፎቶ ሁላችሁም አይታችኋል። እኛ ያንን ፎቶ በኩራት እናየዋለን። ትንሽ ቆም ብላችሁ እዩት፤ የአንድ አገር መሪ መድፍ ጀርባ የሚቀመጠው ሌላ የሚጠብቅ ሲጠፋ ነው። በዚያ ዓመት የሰናፍጭ ጋዝ ከሰማይ ሲዘንብ ወደ ላይ የሚያይ አፈሙዝ ቢኖረን ኖሮ ማን በበረሃ ታንክ ላይ እናዙረው ይለን ነበር?

ከዚያ ዘመን ተለወጠ፤ አየር መቃወሚያ በገፍ ገባ። ዙ-23። ስሙን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። መንታ አፈሙዝ፣ በደቂቃ እስከ 2,000 ጥይት የሚተፋ፣ ዝቅ ብሎ የሚበር አውሮፕላን ለመምታት ሶቪየቶች የሠሩት። ከ88 ጋር ሲተያይ ቀላል መሣሪያ ነው። ግን ፒክአፕ ላይ ተጭኖ አፈሙዙ ወደ ፊት ሲጋደም ስንት ጊዜ አይታችኋል? በስንት ዘፈን ታጅቦ? ሰማይ እያየ ያለ ዙ-23 ቪዲዮ አይቼ ማስታወስ ያቅተኛል።

የእናቴ ወንድም በደርግ ጊዜ ሰሜን ውስጥ የዙ-23 ምድብተኛ ነበር። ነፍሱን ይማርና ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ልጅ ሆኜ፣ ልክ እንደ እህቴ ልጅ አፌን ከፍቼ፣ «አጎቴ፣ ስንት አውሮፕላን ጣልክ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«የጠላት አውሮፕላን የሚባል ዓይኔ አይቶ አያውቅም» አለኝ።

ያኔ አልገባኝም። ቆይቶ ነው የገባኝ። በዚያ ጦርነት አውሮፕላን የነበረው መንግሥት ብቻ ነው። ሸማቂዎቹ አንድም የላቸውም። ታዲያ የመንግሥት አየር መቃወሚያ ማንን ይቃወም ነበር? አድጌ ሌላ ጊዜ ጠየቅኩት። ረጅም ዝም አለ። «ከሩቅ ስለሆነ ሰው አታይም፤ ቤት መሆኑን ታያለህ» አለኝና ሬዲዮኑን ከፈተ። ከዚያ በኋላ አንስተንው አናውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1868 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ አገሮች ተሰብስበው ከ400 ግራም በታች የሆነ የሚፈነዳ ጥይት በጦርነት እንዳይተኮስ ተስማምተው ነበር። ምክንያታቸው ቀላል ነው፤ አንድን ሰው ከውጊያ ለማስወጣት ሰውነቱን መበታተን አያስፈልግም። የዙ-23 ጥይት 200 ግራም አይሞላም፤ ፈንጂውም ይፈነዳል። አውሮፕላን ከመጣ በኋላ ያ ስምምነት በተግባር ተሸርሽሯል፤ «ለብረት ነው እንጂ ለሰው አይደለም» ተባለ። ለብረት ነው የተባለው መሣሪያ የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ሲዞር ግን ያ ሰበብ ምኑ ላይ ይቆማል?

*

አንዳንዱ «ጦርነት ነው፣ ያለህን ትጠቀማለህ» ይለኛል። እሺ። ጦር ሜዳ ላይ ላለ ምድብተኛ ይህ እውነት ነው፤ አጎቴን አልፈርድበትም፣ የስታሊንግራድ ልጆችንም እንዲሁ። እኔና እናንተ ግን ጦር ሜዳ ላይ አይደለንም። ሶፋ ላይ ነን። ስልክ ይዘን የምንፈርድ፣ የምንስቅ፣ «ምርጥ መሣሪያ» እያልን ልብ የምንለጥፍ ሰዎች ነን። «ያለህን ትጠቀማለህ» የሚለው ሰበብ ለእኛ አይሠራም፤ እኛ ያለን ጊዜ ነው፤ ለማሰብ የሚበቃ ጊዜ።

በዚህ እሁድ የእህቴን ልጅ ቁጭ አድርጌ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ስለ ቀን መቁጠሪያው፣ ስለ ስታሊንግራድ፣ በእሱ ዕድሜ መድፍ አጠገብ ላቲን ስለሚማሩት ልጆች። ሐልፋያን ስነግረው ዓይኑ በራ፤ ለንደንን ስነግረው ስልኩን ማየት ጀመረ፤ ልጅ ነው፣ አልተቀየምኩትም። አያቱን ወንድም ስነግረው ግን ስልኩን አስቀመጠው። እንደዚያ ያለ ዘመድ እንዳለው አያውቅም ነበር።

«ቤቱ ውስጥ ሰው ነበር?» አለኝ።

እኔ ያንን ጥያቄ በጊዜው ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ። እሱ ጠየቀ።